42 ሺ ብር ለሁለት ሌሊት! ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

መቼስ «በገንዘብ ተጨቃጭቀን አናውቅም» የሚሉ ባልና ሚስት ካሉ ወይ ውሸታሞች ናቸው፣ ወይ ገንዘብ አይተው አያውቁም። እኔና ባለቤቴ በትዳራችን ብዙ ጊዜ ተጨቃጭቀናል። እንዳለፈው ታኅሣሥ ግን ሆነን አናውቅም። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ዕቁብ ደረሰኝ! በወር 3,500 ብር የምጥለው የአሥራ ሁለት ሰው ዕቁብ ነው። 42 ሺ ብር! ለአንዳንዱ የአንድ ማታ ወጪ ይሆናል፤ ለእኛ ቤት ግን የዓመት ተስፋ ነው።

ባለቤቴ ዓይኑን ሳያሽ «ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይገዛበታል» አለ። እኔ ደግሞ «እማዬንና ልጆቹን ይዘን ላንጋኖ እንሄድበታለን፤ ሁለት ሌሊት እናድርበታለን» አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተው ገምቱት። ሁለት ቀን ሙሉ «እራት ቀርቧል» ከሚለው በቀር በቤታችን ቃል አልወጣም።

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሰው ቤት ገመና ስጽፍ የኖርኩ ሰው ዛሬ የራሴን ላወራችሁ ነው። ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለማ! ስንቶቻችሁ ናችሁ በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳ፣ በላንጋኖ የሚያምረውን መዝናኛ ፎቶ በስልካችሁ እያያችሁ «ይሄ ሁሉ ብር ወጥቶበት ይጠቅማል?» ብላችሁ ከራሳችሁ ጋር የተሟገታችሁ?

በመጀመሪያ ለምን ላንጋኖ እንዳልኩ ልንገራችሁ። እማዬ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። እውነቱን ከተናገርን እንኳ እኛ ነን እሷ የቀበሌ ቤት ተጠግተን የምንኖረው። አባቴ ሲሞት እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ያስጨረሰችኝ በእንጀራ ምጣድ ነው። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቷ! ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ ምጣዱን ትለኩሳለች። እስኪነጋ ስልሳ እንጀራ ታወጣለች። ከዚያ ደንበኞቿ ምግብ ቤቶች ልጅ እየላኩ ይወስዳሉ። ገና፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ ሲሆን ደግሞ ሥራው እጥፍ ይሆናል። እስቲ አስቡት፤ በእኛ አገር በዓል ማለት ሁሉም ሲያርፍ የቤቷ ሴት የማታርፍበት ቀን አይደለም? ሽንኩርቱን የሚከትፈው ማነው? ዶሮውን የሚገነጥለው ማነው?

ባለፈው ኅዳር ራሷን አዞራትና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ደም ግፊት ተገኘባት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ካዘዘላት በኋላ «ጨው ይቀንሱ፣ ደግሞም እረፍት ያድርጉ» አላት። እማዬ ሳቀች። «የትኛው ፋርማሲ ነው የሚሸጠው?» አለችው። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕቁቡ ሲወጣልኝ ታዲያ መጀመሪያ የታየኝ ያቺ ሳቋ ናት።

የባለቤቴ ክርክር ግን ልክ አልነበረም ብዬ አልዋሻችሁም። «ማሽኑ እማማን በየሳምንቱ ያሳርፋቸዋል። ላንጋኖ ሁለት ቀን ያሳርፋቸውና ያልቃል። የቱ ይሻላል?» አለኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ «ብሩ የኔ ዕቁብ ነው» አልኩት። ይሄ መልስ አይደለም፣ ዱላ ነው። ግን ሠራ። የትምህርት ቤት የዓመት አጋማሽ እረፍት ሲደርስ፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው መኪና ተውሶ ጉዞ ጀመርን። እኛ ሁለታችን፣ እማዬ፣ የስምንት ዓመቱ ወንዱ ልጄና የአራት ዓመቷ ትንሿ።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፍና በመቂ፣ በባቱ (በድሮ ስሙ ዝዋይ) ያልፋል። የእናቶቻችን ዘመን ሰው ላንጋኖ ሲባል የበቀለ ሞላ ሆቴልን ነው የሚያስታውሰው። ዛሬ በሐይቁ ዙሪያ ብዙ ሎጅ አለ። እኛ ያረፍንበትን ስም አልጠራም። የቤተሰብ መዝናኛ መንደር የሚሉት ዓይነት ነው፤ በአንድ አጥር ውስጥ ጎጆ መሳይ ማደሪያዎች፣ ምግብ ቤት፣ የልጆች መጫወቻ፣ ጀልባ። አንዴ በር ካለፋችሁ በኋላ ሱቅም የለ፣ ጉሊትም የለ፣ የጠማውም የራበውም እዚያው ነው የሚከፍለው። ይህን ልብ በሉ፣ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን፣ እናንተዬ፣ መዓት ነበር! እማዬ ለካ ከሳጠራዋ ሥር ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎና ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። በር ላይ ጥበቃው «ከውጭ ምግብ ማስገባት አይቻልም» ብሎ ስንቁን መኪናው ውስጥ አስቀረው። ከዚያ ሐይቁን ስታየው «ይሄ ነው የተባለው? የክረምት ጎርፍ አይደለም እንዴ!» አለች። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ የሆነው በውስጡ በሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው እንጂ ቆሻሻ ሆኖ እንዳልሆነ ባስረዳት አልሰማችኝም። እራት ላይ ደግሞ የምግብ ዝርዝሩን ወሰደችና በጣቷ እየተከተለች ዋጋ ዋጋውን አነበበች። «በዚህ ብር ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል?» አለችና ውሃ ብቻ ጠጥታ ተነሳች። በኋላ ብፈልጋት መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ ድርቆሿን ትቆረጥማለች!

በዚህ አላበቃችም። የልጆቹን የዋና ልብስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በእጇ አጥባ በረንዳው ላይ አሰጣችው። አልጋዎቹን ራሷ አነጠፈች። ባለቤቴ አየኝ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ግን ዓይኑ «ማሽን» ነበር የሚለው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ። የእማዬ ፍራሽ ባዶ ነው። ደንግጬ ብወጣ በረንዳው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ በጨለማ ቁጭ ብላለች። ንዴቴ መጣ።

«እማዬ፣ ለምን አትተኚም? ተከፍሎበት የለም እንዴ!» አልኳት።

«እንቅልፍም በሂሳብ ሆነ?» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «አልቆጣ ብዬ ነው እንጂ ልጄ፣ እኔም መተኛቱን ጠልቼው አይደለም። ሰውነቴ ሰዓቱን ያውቃል። ምጣዱ የሚጠብቀኝ ይመስለዋል። አባትሽ ከሞተ ወዲህ በዚህ ሰዓት ተኝቼ አላውቅም» አለች።

ምን ልበላት? አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስኪነጋ ድረስ ብዙ ነገር አወራችኝ። ስለ አባቴ፣ መጀመሪያ የጋገረቻቸው ሃያ እንጀራዎች ሁሉ ተበላሽተው ለጎረቤት ስላደለቻቸው፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ስፈተን ስለ ተሳለችው ስለት። በአንድ ቤት አብረን እየኖርን አንዱንም ነግራኝ አታውቅም። መቼ ጊዜ አግኝታ? እኔስ መቼ ቁጭ ብዬ ጠይቄያት?

ቁርስ ላይ አንድ ነገር ሆነ። በልተን ስንጨርስ እማዬ እንደ ልማዷ ተነሳችና ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። አስተናጋጇ፣ ልጅ እግር ናት፣ ሮጣ መጣችና እጇን ያዘቻት። «እማማ፣ ይተዉት እባክዎ። ይሄ የኔ እንጀራ ነው» አለቻት።

እማዬ ሳህኑን ይዛ ቆመች። የእንጀራን ነገር ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ቀስ ብላ አስቀመጠችውና «እውነትሽን ነው የኔ ልጅ፣ የሰው እንጀራ አይነካም» ብላ ተቀመጠች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እናቴ እንግዳ ሆነች። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ረፋዱ ላይ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ያንኑ «ጎርፍ» ውሃ ውስጥ ነከረች። ከምሳ በኋላ ግራር ጥላ ሥር ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት... ባለቤቴ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር እየሄደ ጃንጥላውን ያዞርላታል። ስለ ማሽን አላነሳም። ሁለተኛውን ሌሊት ደግሞ እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ተኛች! ልጆቹ እየተንሾካሾኩ ነበር የሚጫወቱት።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ስሜት ብቻ አውርቼ ልሸኛችሁ አልፈልግም። ማደሪያው ቁርስን ጨምሮ በሌሊት 8,800፣ ለሁለት ሌሊት 17,600 ብር። ለእማዬ ተጨማሪ ፍራሽ 2,400። እዚያው የበላነው አራት ምሳና እራት 12,400። በመንገድ ባቱ ላይ የበላነው ዓሣ 1,400። ጀልባ 1,500። ነዳጅና የመንገድ ክፍያ 5 ሺ። ለአስተናጋጆች ቲፕ 700። ድምሩ 41 ሺ ብር። ከ42 ሺው 1 ሺ ብር ብቻ ይዘን ቤታችን ገባን።

ዋጋው ድሮም ቀላል አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ አልጋውም ምግቡም ተከትሎ ወጣ። እንግዲህ ገንዘባችሁ እንዳይበላ እኔ ተበልቼ ያወቅኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዋጋ ስትጠይቁ «ሁሉንም ጨምሮ ነው?» በሉ። በብዙ ቦታ ምግብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። 700 ብር የተባለው ዓሣ 885 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። በሺ ብር 265 ብር! እኛ ይህን ያወቅነው የመጀመሪያው እራት ሂሳብ ሲመጣ ነው። የእማዬን ፊት ባያችሁት!

ሁለተኛ፣ ቅዳሜና እሁድን ሽሹ። ብዙዎቹ ቦታዎች በሥራ ቀን ዋጋ ይቀንሳሉ። እኛ ማክሰኞ ገብተን ሐሙስ ነው የወጣነው። ሕዝቡም ስለማይበዛ ልጅ ጠፋ አልጠፋ ብሎ መጨነቅ ይቀንሳል። ልጆች እስከ ስንት ዓመት እንደማይከፍሉ፣ ቁርስ ብቻ ነው ወይስ እራትም አለበት የሚለውንም በስልክ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስንቅ ማስገባት የማይቻል ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት በመንገድ ጠገብ ብላችሁ ብሉ።

ሦስተኛና ዋናው፣ አንድ አዳር ኪሳራ ነው። ይህን የምለው ሎጅ ላሻሽጥ አይደለም። እማዬን አይታችኋል። በመጀመሪያው ቀን ብንመለስ ኖሮ 20 ሺ ብር ከፍለን የዋና ልብስ አሳጥበናት መመለሳችን ነበር። ዘመኗን ሙሉ የሠራች ሴት በአንድ ቀን ማረፍ አትችልም። ሰውነቷ እስኪያምን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ውድ ቦታ አንድ ሌሊት ከማደር ርካሽ ቦታ ሁለት ሌሊት ማደር ይሻላል። መዋኛ ገንዳ ባይኖር፣ አልጋው ባያብረቀርቅ ምን ቸገራችሁ?

አራተኛ፣ ይሄ ለወንዶች ነው፤ አትቆጡኝ። ሰውዬው ከጓደኛ ጋር ቢራ እየጠጣ ሚስትየዋ ከልጅ ኋላ ስትሮጥ ከዋለች፣ ያ መዝናናት አይደለም፣ ጓዳ መቀየር ነው። እኔ እንኳ የመጀመሪያውን ቀን ሐይቁን በቅጡ አላየሁትም። ትንሿ ውሃ ውስጥ እንዳትገባ እሷን ነበር የማየው። ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን «ዛሬ ተራው የኔ ነው» ባይል ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ርዕስ ነበር። ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ማን መቼ ልጅ እንደሚጠብቅ፣ ማን መቼ እንደሚተኛ። የቤቷ ሴት ካላረፈች ብሩን ሐይቅ ውስጥ ጨመራችሁት ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ተበድራችሁ አትሂዱ። የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ገንዘብም አይነካ። በብድር የተዋኘበት ውሃ ሲመለሱ ያሰምጣል። አቅም ከሌለ ጧት ሄዶ ማታ መመለስ አለ። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አለ። እዚያ ከሆነ የእማዬ ድርቆሽም መኪና ውስጥ ላያድር ይችላል።

ታዲያ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? እንዳትዘሉኝ፣ አንድ የቀረ ነገር አለ።

ከተመለስን ሦስተኛው ሳምንት ይሆናል። እሁድ ሌሊት ነቅቼ ጆሮዬን ብጥል የምጣዱ ክዳን ድምፅ የለም። ልቤ ቀጥ አለ። ደም ግፊቱ ነው ብዬ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። እማዬ ተኝታለች። እያንኮራፋች! ጧት ስጠይቃት «ለደንበኞቼ እሁድ እሁድ አልጋግርም ብያቸዋለሁ። አንዱ አኮረፈ፤ ሌሎቹ ቅዳሜ ደርበው ይወስዳሉ። ላንጋኖ ሁለት ቀን ሳልጋግር ከተማው በረሃብ አለቀ እንዴ?» አለችኝ።

ደም ግፊቷ በዚህ ዳነ አልላችሁም። መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ቀጠሮዋንም ትጠብቃለች። ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ እሁድ የሚባል ቀን አግኝታለች። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ደስ አለው፤ ጥቂት አሰብ አደረገና ግን አንድ ነገር ተናገረ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

«ይሄንን እሁድ እኮ በነፃ ልንሰጣቸው እንችል ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ምጣድ እችላለሁ። እሱም እጅ አለው። «እማዬ፣ ዛሬ አትነሺ፣ እኛ አለን» ለማለት 41 ሺ ብር አያስፈልግም ነበር። ግን አላልንም። ሁለታችንም በዚያ ሰዓት ተኝተን ነበራ! ስለዚህ የእኔ መልስ ይኸውላችሁ። ያዋጣል። ግን እኛ የከፈልነው ለሐይቁ አይደለም። በቤታችን ሳናየው ለኖርነው ነገር ነው የከፈልነው። እናንተ ቤታችሁ ሆናችሁ ካያችሁት ብራችሁን ያዙት።

ማሽኑስ? አዲስ ዕቁብ ገብቻለሁ። በዚህኛው ላይ ክርክር የለም። እማዬ ራሷ ወስናለች፤ «ልብሱን ማሽኑ ይጠብ፣ እኔ ግን ከርሞ ላንጋኖ ነኝ» ብላለች።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በእናንተ ቤት መጨረሻ የሚተኛው፣ መጀመሪያ የሚነሳው ማነው? እስቲ ዛሬ ማታ ጠይቁት። ቸር ሰንብቱ።